«ከእናንተው አንዱ ነኝ» የሚል ሰው

በጎረቤታችን በኬንያ በ2022 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ ምልክት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ነበር። አንበሳ አይደለም፤ ችቦም አይደለም፤ የምትወጣ ፀሐይም አይደለችም። አሸዋና ሲሚንቶ የሚገፋበት፥ ጎመንና ድንች ወደ ገበያ የሚወሰድበት ያው ተራ ጋሪ ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ አንባቢ እንዳይደናገር።) ዕጩው ዊልያም ሩቶ በየአደባባዩ እየቆሙ፥ ልጅ ሳሉ በባቡር ሐዲድ መሻገሪያ አጠገብ ለመንገደኛ ዶሮ ይሸጡ እንደ ነበር፥ ጫማም ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጉት በዐሥራ አምስት ዓመታቸው እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። ራሳቸውንና ተከታዮቻቸውን «ሀስለር» አሉ። ቃሉ በእኛ አነጋገር ለዕለት ጉርሱ ላይ ታች የሚል፥ ደጋፊ ዘመድ የሌለው፥ በላቡ የሚያድር ማለት ነው። ተቀናቃኞቻቸውን ግን የሥርወ መንግሥት ልጆች አሏቸው።

ይህም ስም ያለ ምክንያት የተለጠፈ አልነበረም። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የጆሞ ኬንያታ ልጅ ናቸው። እሳቸው የደገፏቸው ዕጩ፥ በ2025 ያረፉት ራይላ ኦዲንጋ፥ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት የኦጊንጋ ኦዲንጋ ልጅ ነበሩ። አገሪቱ በ1963 ነጻ ከወጣች ወዲህ የሁለቱ ቤቶች ስም ከፖለቲካው መድረክ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ዶሮ ሻጩ መጥቶ «እስከ መቼ በአባት ስም እንገዛለን?» ሲል ልብ ያልተነካበት ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። ሩቶ ከመቶ 50.49፥ ኦዲንጋ ከመቶ 48.85 ድምፅ አግኝተው ጋሪው አለፈ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ እንግለጥ። ዊልያም ሩቶ በዚያ ዓመት ከፖለቲካው ውጭ የነበሩ ሰው አልነበሩም። ገና በ1992 ለፕሬዚዳንት ሞይ ምርጫ በሚቀሰቅስ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ በ1997 ለምክር ቤት ተመረጡ፤ በ2008 የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከ2013 ጀምሮ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አላቸው። ሆቴል አላቸው፤ ሰፊ እርሻ አላቸው። መንግሥትን ተቃውመው የተወዳደሩት የዚያው መንግሥት ሁለተኛ ሰው ሆነው ሳለ ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ይህን አያውቅም ነበርን? በሚገባ ያውቅ ነበር። እኛ ትምህርት ቤት የዋልን ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ፍርድ «ሕዝቡ አልተማረም፤ ስለዚህ ተታለለ» የሚል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ፍርድ ሰነፍ ነው፤ ትዕቢትም አለበት። የናይሮቢ የጉልት ነጋዴ ሰውየው በሄሊኮፕተር መጥተው ስለ ጋሪ እንደሚናገሩ በዓይኗ ታያለች። መሳሳቷ አይደለም። ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሌላውን ነገር ሳንመረምር ስለ ፖለቲካ ብንጽፍ ወረቀትና ቀለም ማባከን ይሆናል።

አንድ ድኻ ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ በመስኮት ፊት እንደሚቆም እናስብ። በወረዳ ጽሕፈት ቤት መስኮት፥ በክሊኒክ መስኮት፥ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መስኮት ይቆማል። በመስኮቱ ወዲያ ያለው ጸሐፊ ቀና ብሎ አያየውም። «ነገ ተመለስ» ይለዋል፤ ነገ ሲመለስ «ማን ተመለስ አለህ?» ይለዋል። ፋይሉ ጠፍቷል። ስሙ ተሳስቶ ተጽፏል፤ የተሳሳተውን ለማረምም ገንዘብ ይጠየቃል። ሰውየው በዚያ ሁሉ ቀን የሚሰማው ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ዕፍረትም አለበት። በጫማው ያፍራል፤ በአነጋገሩ ያፍራል፤ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ባለመቻሉ ያፍራል። ልጁ አብሮት ከሆነ ዕፍረቱ እጥፍ ይሆናል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ አንድ ቀን በአደባባይ ቆሞ፥ አገር የሚያንቀጠቅጥ ባለ ሥልጣን በድምፅ ማጉያ «እኔም ባዶ እግሬን ነበርኩ» ሲል የሚሰማው። ባለ ሥልጣኑ ምን ሰጠው? እንጀራ አልሰጠውም፤ መሬት አልሰጠውም፤ የጠፋውንም ፋይል አላስገኘለትም። ነገር ግን ዕፍረቱን አነሣለት። ባዶ እግር የነበረ ሰው እዚያ ከደረሰ፥ ባዶ እግር መሆን ውርደት አይደለም ማለት ነው። እኔ ይህን ስጦታ አልንቀውም፤ ለተቀባዩ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ለሰጪው ምንም የማያስወጣ ስጦታ ስለ ሆነ፥ ሌላውን ሁሉ ስጦታ ለመተካት እጅግ የተመቸ ነው።

ሌላም ነገር አለ። «ከእናንተው አንዱ ነኝ» የሚለው ቃል መራጩን ዘመድ ያደርገዋል። ሹምን እንጠረጥራለን፤ ነጋዴን ሒሳብ እንጠይቃለን፤ የእናቱን ልጅ ግን ደረሰኝ አምጣ የሚል የለም፤ የሚል ቢኖር ነውር ነው። ተራ ሰው መስሎ የሚመጣ ፖለቲከኛ ከሁሉ በላይ የሚያተርፈው ከዚህ ነውር ነው። የሚተቸውን ሁሉ «እኔን ሳይሆን እናንተን ናቀ» ለማለት ይችላል። ሰውም ያምነዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ተቺዎቹ በርግጥ ይንቃሉ።

ለዚህ ከሁሉ ግልጽ የሆነልኝ ምሳሌ በአሜሪካ በ1840 የሆነው ነው። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን የሚባሉ ሸምገል ያሉ የጦር ሰው ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፥ አንድ የተቃራኒ ወገን ጋዜጣ ሊያሾፍባቸው ፈልጎ፥ አንድ በርሜል የፖም ጠጅና መጠነኛ ጡረታ ቢሰጣቸው የቀረ ዘመናቸውን በግንድ ጎጆ ቁጭ ብለው ይጨርሱታል የሚል ነገር ጻፈ። የሃሪሰን ወዳጆች ይህን ስድብ እንደ ስጦታ ተቀበሉት። በየከተማው የግንድ ጎጆ በጋሪ ላይ ተጭኖ ተጎተተ፤ የፖም ጠጅም ለመራጩ ተቀዳ። ሽማግሌው በአንድ ሌሊት የጎጆ ሰው ሆኑ።

ሃሪሰን ግን የተወለዱት በቨርጂንያ በታላቅ የእርሻ ርስት ላይ ነው፤ አባታቸው የአሜሪካን የነጻነት ዐዋጅ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። በአንጻሩ ተቃዋሚያቸው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢውረን የመሸታ ቤት ባለቤት ልጅ ነበሩ። ሆኖም ኦግል የሚባሉ የምክር ቤት አባል ስለ ቫን ቢውረን ቅንጦትና ስለ ወርቅ ማንኪያቸው ረጅም ንግግር አድርገው ንግግሩ በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ። የጠጅ ሻጩ ልጅ መኳንንት፥ የባለ ርስቱ ልጅ ድኻ ተባሉ፤ በመራጭ ወኪሎች ቈጠራ ሃሪሰን 234 ለ60 አሸነፉ። በሥልጣን ላይ የቆዩት አንድ ወር ብቻ ነው፤ በሚያዝያ 1841 ሞቱ። ጎጆው ምን ዐይነት አስተዳደር ይወልድ እንደ ነበር ስለዚህ አይታወቅም።

የግንድ ጎጆውን ያቆሙት ከወዳጆቻቸው ይልቅ የሳቁባቸው ናቸው። በዚያ ጊዜ እጅግ ብዙ አሜሪካዊ በርግጥ በግንድ ጎጆ ውስጥ ይኖር ነበር፤ የጋዜጣው ሳቅ የደረሰው ለሱ ነው። በኬንያም በጋሪው የቀለዱ ብዙዎች ነበሩ፤ ጋሪ እየገፋ የሚያድረው ወጣት ቀልዱን ሰምቶ ማንን ሊመርጥ ይችላል? እኛም እዚህ በሻይ ቤት ተቀምጠን የአንዱን ባለ ሥልጣን የገጠር አነጋገር እያስመሰልን ስንስቅ፥ ለዚያ ባለ ሥልጣን የምናደርግለትን ውለታ ብናውቀው ሳቃችን ይቆም ነበር።

ከሃያ ዓመት በኋላ በ1860 ያው ትርኢት እንደገና ታየ። በኢሊኖይ ክፍለ አገር በዲኬተር ከተማ በተደረገው የፓርቲ ጉባኤ ላይ፥ አብርሃም ሊንከን በወጣትነቱ ፈልጧቸዋል የተባሉ ሁለት የአጥር እንጨቶች በዘመዱ ተሸክመው ገቡ፤ አዳራሹም በጩኸት ተናወጠ። ሊንከን በግንድ ጎጆ መወለዱ እውነት ነው። በዚያን ቀን ግን ለባቡር ኩባንያ ሳይቀር የሚሟገት፥ ስሙ የታወቀ ጠበቃ ነበር፤ እንጨት መፍለጥ ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ትርኢቱ ከሃሪሰን ትርኢት አይለይም። ሰውየው ግን በ1863 የባሪያ ነጻነት ዐዋጅ የፈረመው ሰው ነው። እንግዲህ ከእንጨቱ ተነሥቶ ስለ ሊንከን፥ ከበርሜሉም ተነሥቶ ስለ ሃሪሰን ሊታወቅ የሚችል ነገር አልነበረም። መራጩ ሁለቱንም ጊዜ የጮኸው በአንድ ዐይነት ድምፅ ነው።

በዚህ ጉዳይ ስንከራከር አንድ ጓደኛዬ «ቢሆንም፥ ድኽነትን የቀመሰ ሰው ቢያንስ የድኻውን ችግር ያውቃል፤ በብር ማንኪያ ካደገው ይሻላል» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ረኀብን ማወቅ ሁለት ዐይነት ልጅ ይወልዳል። አንዱ ሌላው እንዳይራብ ይታገላል፤ ሁለተኛው «እኔ ዳግመኛ አልራብም» ብሎ ይምላል፤ ለመሐላውም የሌላውን ድርሻ ይወስዳል። ሁለቱም ስለ ልጅነታቸው ሲናገሩ እንባቸው እውነተኛ ነው። እንባውን አይቶ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚለይ ሰው ካለ ይንገረኝ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ የማን ልጅ እንደ ሆንኩና በምን ጫማ ትምህርት ቤት እንደ ሄድኩ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አንባቢን ደስ ያሰኘው ነበር፤ ግን ለክርክሬ አንዳች አይጨምርለትምና ተውሁት።

የሩቁን አገር ብቻ እየጠቀስን የራሳችንን ብናልፍ ደግሞ አግባብ አይሆንም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። የዐይን ምስክርም ሆነ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ከዚያ ቀን ይህን አይረሳም፤ የዐዋጁን ቃል የሚያስታውስ ግን ስንት ሰው ነው? በዋዜማው ምሽት በቴሌቪዥን የወሎ ረኀብተኞች ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀላቀለ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ኬኩና አጽሙ ተራ በተራ። ማንም ልብ ያለው ሰው ያንን አይቶ ሊያድር አይችልም ነበር፤ እውነትም ነበረበት፤ ረኀቡ ተደብቆ ነበርና። በማግሥቱ ትንሿ መኪና መጣች። አዲሶቹ ገዢዎች ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ከየጦር ክፍሉ የተውጣጡ፥ ካኪ የለበሱ፥ ሕዝቡ ጎረቤት አድርጎ የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ተራ መስለው የመጡ አይደሉም። በርግጥ ተራ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገውን ዐዋጅ ማውጣታቸውም የታወቀ ነው፤ ከነሱ ዐሥር ዓመት በፊት ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በመንገድ የጮሁለት ጉዳይ ነበር። «ክቡር» እና «ግርማዊ» ቀርቶ «ጓድ» መጣ። ቃሉ ራሱ ዘመድ የሚያደርግ ቃል ነው። ከዚያስ? በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ከተገደሉት ብዙዎቹ በዕድሜ ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች የማይበልጡ ነበሩ፤ የገደላቸውም «ጓድ» የሚባል ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ አዲስ አበባን በቀይ ጨርቅና በመብራት አስጊጦ ሲከበር፥ ወሎና ትግራይ እንደገና በረኀብ ያልቁ ነበር፤ ወሬውም በዓሉ እስኪያልፍ ታፍኖ ቆየ። በተደበቀ ረኀብ ፊልም የገባ መንግሥት ረኀብ ደበቀ።

እኔ ይህን የምጽፈው ደርግን ለመርገም አይደለም፤ ያ ሥራ በብዙ ሰዎች ተሠርቷል። የምጠይቀው፥ እነዚያ ሰዎች በርግጥ ከእኛው አንዱ ሆነው ሳለ ይህ ለምን ሆነ? የምሰጠውም መልስ አጭር ነው፤ «ቁም» የሚላቸው አልነበረም። ምክር ቤት አልነበረም፤ ነጻ ዳኛ አልነበረም፤ ነጻ ጋዜጣ አልነበረም። ሕዝቡም በመጀመሪያዎቹ ወራት እነዚህን አጥብቆ አልጠየቀም፤ ትንሿን መኪና አይቶ ረክቶ ነበር።

በኬንያ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ይህ ነው ልዩነቱን የሚያሳየን። ሩቶ ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፥ በ2022 መጨረሻ፥ «የሀስለር ፈንድ» የሚባል ብድር አቆሙ፤ ከ500 ሽልንግ የሚጀምር፥ በዓመት 8 ከመቶ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ነው። ጋሪ ገፊው ዕዳ ተሰጠው ማለት ነው። በሌላ በኩል መንግሥት ራሱ በዕዳ ተይዟል። ዕዳው ከሳቸው በፊት የተከመረ መሆኑን መካድ አይገባም፤ «ከታች ወደ ላይ» የሚሉት የኢኮኖሚ ዕቅድም ነበራቸው። ሆኖም ይህ ሁሉ ዕዳ ከማን ኪስ እንደሚከፈል በምርጫው ሰሞን በጋሪው ላይ ተጽፎ አልታየም። በ2024 የወጣው የገንዘብ ሕግ ረቂቅ ጻፈው። ረቂቁ መጀመሪያ በዳቦ ላይ ሳይቀር ታክስ ነበረበት።

የኬንያ ወጣቶች ለፕሬዚዳንታቸው አዲስ ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ «ዛካዮ» አሏቸው። ይኸውም እኛ ዘኬዎስ የምንለው ነው፤ ቁመቱ አጭር ስለ ነበረ ዛፍ ላይ የወጣው የቀራጮች አለቃ። «ዛካዮ ውረድ» እያሉ ወጡ። በሰኔ 25 ቀን ምክር ቤቱ ሕጉን ባጸደቀበት ዕለት ሰልፈኞቹ ምክር ቤቱ ውስጥ ገቡ፤ ፖሊስ ተኮሰ፤ ብዙ ወጣቶች ወደቁ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን አልፈርምም አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚኒስትሮቻቸውን ጥቂት ሲቀር ሁሉንም አሰናበቱ።

ከዚህ ውስጥ እኔን ያስገረመኝ የቁጣው ዐይነት ነው። በአንድ መጥፎ ገንዘብ ሚኒስትር ላይ እንዲህ አይቈጡም። የተካደ ወንድም ቁጣ ነበር። ራሱን ዘመድ ያደረገ ሰው የሚጠየቀው በዘመድ ሕግ ነው፤ ይህም ሕግ ምሕረቱም ጭካኔውም ከመንግሥት ሕግ ይበልጣል። በሌላ በኩል ሕጉን ያስቀረው ቁጣው ብቻ አይመስለኝም። ኬንያ በ2017 የጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ዳኞች በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበትን ምርጫ የሻሩባት አገር ናት። ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ አስተያየት የሚቀርብባት፥ የሕጉ ቃል በየወጣቱ ስልክ ላይ ወጥቶ አንቀጽ በአንቀጽ የተነበበባት አገር ናት። ልጆቹ ወደ መንገድ የወጡት አንብበው ነው። ይህም ሆኖ የሞቱት ሞተዋል፤ ነገሩን አሳምሬ ልናገር አልፈልግም።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ። የኅብረቱ ምርጫ በቀረበ ቁጥር የምናየው ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ በላውንጅ የሚመገበው ዕጩ በምርጫው ሳምንት ትሪ ይዞ ከእኛ ጋር በካፌ ሰልፍ ይቆማል፤ ሽሮው ቀጠነ ብሎ ከሁላችን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያማርራል። በየዶርሙ እየዞረ በየብሔረሰቡ ቋንቋ ሰላምታ ይሰጣል። ንግግሩን ሲጀምር የተወለደበትን ቀበሌ፥ ያገደውን ከብት፥ ያጠናበትን ኩራዝ ይነግረናል። እኛም እናጨበጭባለን፤ ማጨብጨባችን አያስገርምም፤ ከመካከላችን ኩራዝ ያላየ ስንት ነው? ከተመረጠ በኋላ ግን ሽሮው እንደ ቀጠነ ይቀራል፤ እሱ ወደ ላውንጁ ይመለሳል።

በትሪው አልስቅም፤ ስቄ ድምፅ ልጨምርለት አልፈልግም። ኩራዙንም እውነት ነው ብዬ እቀበላለሁ። በሚመጣው ስብሰባ ላይ ግን ዕጩዎቹ ሁሉ፥ ኩራዝ ያላቸውም የሌላቸውም፥ ንግግራቸውን ሲጨርሱ እጄን አንሥቼ እነዚህን እጠይቃለሁ፤ የዐምናው የኅብረቱ ገንዘብ በምን ላይ ዋለ? ከተመረጥህ ሒሳቡን በየስንት ወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትለጥፋለህ? ከካፌው አስተዳደር ጋር የምትነጋገረውን ነገር ማን በቃለ ጉባኤ ይይዘዋል? አንተን ከቦታህ ለማንሣት የስንት ተማሪ ፊርማ ይበቃል፥ ፊርማውስ ለማን ይሰጣል? አብሮኝ እጁን የሚያነሣ ተማሪ ካለ ከፊት ረድፍ እቀመጣለሁ።